ስፖንጅ አትጨምር፣ ቦታ ልቀቅለት

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል። «እናቴ ስትሮክ ከመታት ወዲህ የቀኝ እግሯ ጣቶች አልነሳ ብለው እየጎተተች ነው የምትሄደው። ከፕላስቲክ የእግር ድጋፍ ራሴ ሠራሁላት፤ በግራና በቀኝ ማጠፊያ አለው። ግን የውጭውን ቁርጭምጭሚቷን ያቀላዋል፣ ከጉልበቷ ሥር ይቆረቁራታል፣ ስትራመድ ደግሞ ተረከዟ ይወጣል። ስፖንጅ ጨመርኩበት፤ ባሰ። ማሰሪያውን አጠበቅኩት፤ አልሆነም። አሁን ሞተር ልገጥምለት አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እጅህ ይባረክ። ሞተሩን ግን ለጊዜው ተወው። የሠራኸው ድጋፍ ጉልበት አላነሰውም። የጎደለው የሚነካበትና የማይነካበት ቦታ ነው።

ስፖንጁ ለምን እንዳባሰው ልንገርህ። ድጋፉ አጥንቱ ላይ መጀመሪያውኑ ጠቧል። በጠበበ ቦታ ላይ ስፖንጅ ስትጨምር ይበልጥ አጠበብከው። እኔም ሥራውን ስጀምር ለአንድ አዛውንት ይህንኑ አድርጌያለሁ። ቀይ ምልክት አየሁ፣ ለስለስ ያለ ነገር ለጠፍኩበት፣ በሳምንቱ ቆዳቸው ተልጦ መጡ። ያንን እግር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ አጥንት ባለበት እለቃለሁ፣ ሥጋ ባለበት እደግፋለሁ።

የሚነካውን ቦታ በግምት አትፈልግ። ሊፕስቲክ አምጣ። የቀላው አጥንት ጫፍ ላይ ትንሽ ቀባ፣ ድጋፉን ቀስ ብለህ አልብሳቸውና ጥቂት እርምጃ ይራመዱ። ስታወልቀው ፕላስቲኩ ውስጥ ቀለም ያረፈበት ቦታ ይታይሃል። ብዙ ጊዜ አንተ ከገመትከው ቦታ አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ ብሎ ነው የምታገኘው። ያንን ቦታ ብቻ በሙቅ አየር አሙቀህ ከውስጥ ወደ ውጭ ግፋው፤ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። አደራ፣ ፕላስቲኩን እግር ላይ እንዳለ እንዳታሞቀው። ሲቀዘቅዝ እንደገና ሊፕስቲክ ቀብተህ ሞክር። ቀለሙ ፕላስቲኩን ካልነካ ጨርሰሃል። ስፖንጅ የግድ ካስፈለገህም አጥንቱ ላይ ሳይሆን ዙሪያውን እንደ ቀለበት አድርገው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጥ ያሳስበኛል። ከጉልበት ሥር፣ በውጭ በኩል፣ በጣትህ ስትዳስስ አንዲት ድቡልቡል አጥንት ታገኛለህ። ከእሷ ዝቅ ብሎ አንድ ነርቭ አጥንቱን ዞሮ ያልፋል። ከቆዳው ሥር ነው፤ የሚከልለው ሥጋ እምብዛም የለም። የእግር ጣቶችን ወደ ላይ የሚያነሱትን ጡንቻዎች የሚያዘው ይኸው ነርቭ ነው። አየህ፣ እግር እንዲያነሳ የሠራኸው ድጋፍ እግር የሚያነሳውን ነርቭ እየተጫነው ነው! ዛሬውኑ የላይኛውን ጠርዝ ቁረጠው። ከአጥንቷ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይለቅ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰህ ትንሽ ወደ ውጭ ገልበጥ አድርገው።

ከዚያ በላይ ግን እንዳታሳጥረው። ድጋፉ ባትን ከኋላ የሚገፋው እንደ መፈንቅል ነው። ከቁርጭምጭሚት እስከ ጠርዙ ያለውን ርዝመት በግማሽ ብትቀንሰው ባት ላይ የሚያርፈው ኃይል እጥፍ ይሆናል።

ተረከዛቸው የሚወጣው የባቱ ማሰሪያ ስለላላ አይደለም። ሥራውን የሚሠራው ቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት፣ እግር ከሚታጠፍበት ላይ አግድም ወደ ኋላና ወደ ታች የሚስበው ማሰሪያ ነው። አንተ በላክልኝ ፎቶ ላይ እሱ የለም። ሰፋ ያለ ማሰሪያ እዚያ ግጠም፣ ተረከዛቸውን ጥግ ድረስ አስገባና እሰረው። ያኔ የባቱን ማሰሪያ ታላላዋለህ።

ወደ ማጠፊያው ልምጣ። ሁለቱንም ማጠፊያዎች የቁርጭምጭሚቱ ጉብታ መሃል ላይ ነው የገጠምካቸው። ሁሉም ጀማሪ እንደዚያ ያደርጋል። ነገር ግን የውጭው ጉብታ ከውስጠኛው ዝቅ ያለና ወደ ኋላ ያፈገፈገ ነው። እነሱን ከተከተልክ ሁለቱ ማጠፊያዎች በአንድ መስመር ላይ አይውሉም፤ ሲታጠፉ እርስ በርስ ይጣላሉ። እግሩ ራሱ የሚዞረው ደግሞ ከጉብታዎቹ ጫፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። ማጠፊያህ ከዚያ ነጥብ 2 ሳንቲ ሜትር ከራቀ፣ እግር 20 ዲግሪ ሲታጠፍ ድጋፉ ቆዳው ላይ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይንሸራተታል። በእያንዳንዱ እርምጃ እንዲህ ከተፋቀ የቱ ቆዳ ይችላል? ማጠፊያዎቹን ዝቅ አድርግ፣ ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱም ቀዳዳ አሳልፈህ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን አረጋግጥ፣ ከዚያ ብሎን እሰር።

አዲሱን ድጋፍ በመጀመሪያው ቀን ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ብቻ ያድርጉት። ስፌት የሌለው ካልሲ ከሥሩ ይልበሱ። አውልቀህ ቆዳቸውን በብርሃን እይ። ቅላቱ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ድጋፉ ገና ይጫናል ማለት ነው፤ ወደ ሊፕስቲኩ ተመለስ። «አላመመኝም» ቢሉህ አትተማመን። ስትሮክ የመታው እግር ስሜቱ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ስለዚህ ዓይንህን እመን። ቆዳው ከተላጠ፣ ወይም ባታቸው አብጦ ከሞቀና ካመማቸው ድጋፉን አውልቀህ ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው። እግራቸው ወደ ውስጥ እየተጠመዘዘ ድርቅ የሚል ከሆነም ማጠፊያ ያለው ድጋፍ አይመከርም። ባለሙያ ይያቸው።

ስለ ሞተሩ ባጭሩ። እግር ጫፍ ላይ የምትጭነው ክብደት ወገብ ላይ ከምትይዘው እጅግ ያደክማል። ኤሌክትሪክ ከወደድክ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በ1961 ሊበርሰን የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ተረከዝ ከመሬት ሲነሳ ያንኑ ነርቭ በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ፣ ጫማ ውስጥ ማብሪያ ያለው መሣሪያ ይፋ አድርገዋል። ዛሬም በዚያ መንገድ የሚሠሩ መሣሪያዎች አሉ። እቤት ግን አትሞክረው፤ በተለይ ልባቸው ላይ የተገጠመ መሣሪያ ካለ።

ጫማቸውንም አትርሳ። ድጋፉን በባዶ እግር ለክተህ ባለ ተረከዝ ጫማ ካደረጉበት ቅልጥማቸው ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ጉልበታቸው ሊከዳቸው ይችላል። በሚያደርጉት ጫማ ለክተህ ጨርሰው። የጫማውን ውስጠኛ ንጣፍ አውጣው፤ ካልበቃም አንድ ቁጥር ከፍ በል።