ባህር ዳር–ላሊበላ በአየር፦ 17 ደቂቃ፣ 40 ደቂቃ ወይስ ግማሽ ቀን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ ምኖረው ባህር ዳር ነው። እማዬ ስለት ስላለባት ለገና ላሊበላ ልወስዳት አስቤያለሁ፣ መኪና ግን ያስመልሳታል። ስልኬ ላይ ሁለቱን ኤርፖርቶች አስገብቼ ሳየው 185 ኪሎ ሜትር፣ 17 ደቂቃ ይላል። አንድ ጓደኛዬ ደሞ ድሮ በቀጥታ በረራ ስንሄድ ትኬቱ ላይ 40 ደቂቃ ነበር የሚለው አለኝ፣ አጎቴ ደሞ ግማሽ ቀን ይፈጅባችኋል ይላል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሦስቱንም እመኚ እህቴ፣ የለኩት ነገር ነው የተለያየው።

185 ኪሎ ሜትሩ ከበላይ ዘለቀ ኤርፖርት እስከ ላሊበላ ኤርፖርት ክር ቢወጠር ማለት ነው፣ ክሩም ደብረ ታቦርን በግራ ጉናን በቀኝ ትቶ መሀላቸው ያልፋል። በመኪና ግን በወረታ፣ በነፋስ መውጫ፣ በጋሸና ዞረሽ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለእማዬ አውሮፕላን ማሰብሽ ደግ አድርገሻል።

17 ደቂቃው የስልክሽ ሂሳብ ነው። ኪው 400 የሚሏት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ከፍታዋን ይዛ ስትበር በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች፣ 185ን ለዚህ ስታካፍዪው 17 ደቂቃ ይመጣል። ግን በእንዲህ አይነት አጭር መንገድ እሷ ፍጥነት ላይ የምትቆየው ትንሽ ነው እኮ! ከጣና ዳር 1,800 ሜትር ላይ ተነስታ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጉናን አጠገቡ ስለምታልፍ ገና ከጅምሩ ሽቅብ መውጣት አለባት፣ ወጥታ ትንሽ እንደሄደች ደሞ መውረድ ትጀምራለች፣ ስትወጣም ለማረፍ ስትቃረብም ፍጥነቷ ዝቅ ያለ ነው፣ ከማረፊያው ሜዳ አቅጣጫ ጋር ለመስተካከል መዞሩም አለ። በዛ ላይ ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከቆመችበት ከተንቀሳቀሰችበት ጀምሮ እዛ ደርሳ እስክትቆም ስለሆነ 40 ደቂቃ ቢል አይግረምሽ።

አጎትሽም አልተሳሳቱም። በምትሄዱበት ቀን ቀጥታ በረራ ከሌለ በአዲስ አበባ መዞር ነው፣ ካርታውን ብታዪው ደሞ ያስቃል፣ ከባህር ዳር አዲስ አበባም ከአዲስ አበባ ላሊበላም እያንዳንዱ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ 185 ለመሄድ 660 መብረር ማለት ነው። ሁለት የ1 ሰዓት ገደማ በረራ፣ መሀል ላይ ቦሌ ቁጭ ብሎ መጠበቅ፣ መጀመሪያ ላይ ፍተሻና ወረፋ... አጎትሽ ግማሽ ቀን ያሉሽ ይሄን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀጥታ በረራ ካለ ጠይቂ፣ ለገና ደሞ ሰው ስለሚበዛ አሁኑኑ።

አንድ የሚረሳ ነገር፣ የላሊበላ ኤርፖርት ከተማው ውስጥ አይደለም፣ ከሱ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ ከዛ ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋው ከተማ በጠመዝማዛ መንገድ በመኪና ትወጣላችሁ። እማዬን የፊት ወንበር አስቀምጫት፣ ፌስታልም ያዢ።

ሰዓቱንም እዪው፣ ትኬቱ ላይ 07:30 ካለ ከጠዋቱ 1:30 ማለት ነው፣ በኛ ሰዓት ቆጥረው ከሰዓት በኋላ ሻንጣ ይዘው የመጡ ሰዎች አይቻለሁ።