64 ደቂቃ ይረዝማል ወይ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ጻፈችልኝ። የመጀመሪያ ዘጋቢ ፊልሟን ጨርሳ ለአንድ ቀጠናዊ ፌስቲቫል ልታስገባ ነው። ጥያቄዋ አንድ መስመር ነች፦ «ጋሼ፣ ፊልሜ 64 ደቂቃ ነው፤ ወደ 52 ላውርደው?»

መልሱም አንድ መስመር ይበቃው ነበር፦ አዎ፣ አውርጂው። 64 ደቂቃ ለፕሮግራም አውጪ ራስ ምታት ነው። ከአጫጭሮቹ ጋር እንዳይደረደር ረዘመ፤ ብዙ ፌስቲቫሎች አጭር የሚሉት እስከ 30 ወይም እስከ 40 ደቂቃ ያለውን ነውና። ለብቻው ሰው እንዳይጠራበት ደግሞ አጠረ። 52 የቴሌቪዥን ልክ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ላይ ማስታወቂያውና ሌላው ሲነሳ የሚተርፈው። ይህን ጽፌ ልልክላት ስል ዐይኔ 52 የምትለው ቁጥር ላይ ቀረ። አውቃታለሁ ያቺን ቁጥር። መልሱን ሰረዝኩት። ይኸው ስድስት ቀን ሆነኝ፤ ለእሷ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በኤዲተርነት ነው። ስጀምር 16 ሚሊሜትር ፊልም በመቁረጫ እየቆረጥን በፕላስተር እንቀጥል ነበር። የ400 ጫማ አንዱ ጥቅል 11 ደቂቃ ገደማ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ካሜራማን ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ያስባል። እናንተ ግን 200 ሰዓት ቀርጻችሁ ትመጡና «ታሪኩ ውስጡ አለ፣ ፈልገው» ትሉናላችሁ። አትቀየሙኝና ይህ ስንፍና ነው። ድሮኑንም ተዉት። ሰው ከላይ ሲታይ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም።

ስለ ድምፅ ጥራት፣ ስለ ፈቃድ ወረቀት፣ ስለ ማስገቢያ ቀነ ገደብ አልነግራችሁም። ታውቁታላችሁ፤ ካላወቃችሁም የፌስቲቫሉን መመሪያ አንብቡ።

52ን ያወቅሁበት ነገር የሆነው ቤታካም የተባለው የቪዲዮ ካሴት በነገሠበት ዘመን ነው። አንድ ጓደኛዬ ስለ አንድ አዛውንት ጀልባ ቀዛፊ ፊልም ሠራ። ሰውየው ሰው ከወዲህ ማዶ ወደዚያ ማዶ ያሻግራሉ፤ ከጀልባቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ ድልድይ ይሠራል። የፊልሙን ሐሳብ ገና ሳልነግራችሁ ገምታችሁታል። አሮጌው ሊሄድ ነው፣ አዲሱ ሊመጣ ነው፤ ቀዛፊው ተጎጂ፣ ድልድዩ ባለጋራ። እኛም ከመሄዳችን በፊት ነበር የገመትነው፤ ጥፋቱም እዚያ ጀመረ።

31 ካሴት ይዘን ተመለስን። እያንዳንዱ 30 ደቂቃ ነው። 14ኛው ካሴት ላይ ዳይሬክተሩ «አባባ፣ ድልድዩ ሲያልቅ እርስዎ ምን ይሆናሉ?» ብሎ ይጠይቃል። «እኔማ አለቀልኝ» ይላሉ። ከዚያ ዝም። እኔ ቆጥሬዋለሁ፣ 40 ሴኮንድ ያህል ዝም ይላሉ። ካሜራማኑ ማጥፋት ይሁን መተው ሳይወስን ካሴቱ መዞሩን ይቀጥላል። ከዚያ ወደ ውኃው እያዩ፦ «ግን ይሠራ። ቶሎ ይሠራ። ባለቤቴን ምጥ የያዛት ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ነበር። ቀዛፊ ነኝ እኮ። ማሻገር አቃተኝ።» ቀጥሎ ስለዚያ ሌሊት ጥቂት ተናገሩ፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። ከዝምታው እስከ መጨረሻው 2 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ነው።

(ቅድም ብዙ መቅረጽ ስንፍና ነው ብያችኋለሁ። ያ ካሜራ ባለ 11 ደቂቃው ቢሆን ኖሮ ይህን ንግግር አናገኘውም ነበር። ያልኩትን አልሰርዝም፤ ይህንንም አልሰርዝም።)

አላየሁትም ልል አልችልም። በማስታወሻ ደብተሬ ከቁጥሩ አጠገብ ኮከብ አድርጌበታለሁ። የመጀመሪያው ቅንብር 71 ደቂቃ ሲሆን ውስጡ ነበር። ከዚያ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ 52 ደቂቃ ከሆነ እገዛዋለሁ አለ፣ የፌስቲቫሉም ቀን ደረሰ። ቀን ከሌት ቆረጥን። በመጨረሻው ሌሊት ሰዓቱን ሳየው 54 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ይላል። ዳይሬክተሩ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። እኔ ብቻዬን ነኝ። ሂሳቡን እናንተው ሥሩት።

መጀመሪያው ላይ ወንዙ በጉም ተሸፍኖ ጎህ ሲቀድ የሚያሳይ ክፍል ነበረን፤ እሱም ሁለት ደቂቃ አልፎት ነበር። እሱን ማንሣት እችል ነበር። ግን ጉሙ ያምራል። የአባባ ንግግር ደግሞ ፊልሙን ከሥሩ ይገለብጠዋል፤ ድልድዩን ባለጋራ ያደረግንበት 50 ደቂቃ ሁሉ ገደል ይገባል። ለሰው ስናወራ «ጊዜ አልበቃንም» አልን። ጊዜውማ በቅቶ ነበር።

«እኔማ አለቀልኝ» ከሚለው ላይ ቆረጥኩ። የቆረጥኩበት እንዳይታወቅ መቅዘፊያውን የጨበጠ እጃቸውን አለበስኩት፤ ጅማቱ የወጣ፣ የረጠበ እጅ። ድምፁ ላይ ያለው ስንጥቅ ግን አስቸገረኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የድምፅ ባለሙያችን በሄድንበት ቦታ ሁሉ አንድ ደቂቃ ሰውን ጸጥ አሰኝቶ የቦታውን ድምፅ ብቻ ይቀዳ ነበር፤ ሁላችሁም የምታደርጉት ነው፣ ወይም ልታደርጉት የሚገባ። ወንዙ ዳር ያን ሲያደርግ አባባ ገርሟቸው «ማንም ሳይናገር ምን ትቀዳለህ?» አሉት። «ዝምታውን ነው አባባ፣ በኋላ ይጠቅመናል» አላቸው። «ዝምታም ይጠቅማል?» ብለው ሳቁ። ያን ዝምታ ነው ያነጠፍኩበት። የእሳቸውን 40 ሴኮንድ አውጥቼ፣ ወንዙ ዳር የቀዳነውን ዝምታ ተካሁበት። ስፌቱ አይታይም። እስከዛሬ ከሠራኋቸው ቆረጣዎች ሁሉ ያ የሚበልጠው የለም።

ፌስቲቫሉ ትንሽ ነበር፣ የቀጠና። እናንተ ዛሬ የአምስተርዳም ወይም የጃፓኑ ያማጋታ ፌስቲቫል ካልሆነ አንሄድም ትላላችሁ። ሁለቱም በ1988 እና በ1989 እ.ኤ.አ. ከተጀመሩ ወዲህ ለዘጋቢ ፊልም ትልቅ ቦታ ሆነዋል፤ ክብራቸውን አልነካም። ነገር ግን ትልቁ ቦታ የቀረጻችሁትን ሰው ብዙ ጊዜ አታገኙትም። በትንሹ ቦታ ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣል። አባባ ካፖርታቸውን አስተኩሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው እኔ ነኝ።

ፊልሙ ሲጀምር ማሽን የያዘው ልጅ የምስሉን ስፋት አዛብቶት ሰው ሁሉ በጎን ተለጥጦ ታየ። ዳይሬክተሩ ወደ ላይ እየሮጠ ሄደ። አባባ ፊታቸው እንደ ከበሮ ሰፍቶ ሲያዩ ከልባቸው ሳቁ፤ አዳራሹም አብሮ ሳቀ። ያን ምሽት የሳቁት ያኔ ብቻ ነው። «እኔማ አለቀልኝ» ሲል በጨለማው ውስጥ ወደ ፊት ጠጋ ሲሉ ተሰማኝ። ቀጣዩን እየጠበቁ ነው። እጃቸው መጣ። ከዚያ ሌላ ቦታ ሄድን።

በጥያቄና መልሱ ሰዓት አንድ ተማሪ ተነሥቶ «አባባ፣ ድልድዩን ይህን ያህል የጠሉት ለምንድን ነው?» አላቸው። «እኔ አልጠላሁም» አሉ፤ «ለልጆቹ ነግሬያቸው ነበር።» አዳራሹ ትሕትና መሰለውና አጨበጨበ። ዳኞቹ በኋላ ያን የእጅ ምስል ለይተው አመሰገኑ።

አባባ ኮሪደሩ ላይ የፌስቲቫሉን መጽሔት ይዘው ጠበቁኝ። ማንበብ አይችሉም። ፎቷቸውን በጣታቸው እየነኩ «እዚህ ላይ ስለ እኔ ምን ይላል?» አሉኝ። የሚለው «ድልድዩን የሚቃወም የመጨረሻው ቀዛፊ» ነው። እኔ «የመጨረሻው ቀዛፊ» ብዬ አነበብኩላቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ቆረጥኩ። «ብቻ?» አሉ። «ብቻ» አልኩ። መጽሔቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ለብዙ ዓመት ራሴን የማጽናናው በአሜሪካዊው ፊልም ሠሪ በሮበርት ፍላኸርቲ ነበር። በ1922 እ.ኤ.አ. ላወጣው የአርክቲክ ፊልም ብርሃን እንዲያገኝ ብሎ የበረዶ ቤቱን ግማሹን ክፍት አድርጎ አሠርቷል። የዘጋቢ ፊልም አባት የተባለው እንዲህ ካደረገ እኔ ማነኝ? እል ነበር። በኋላ ግን ሌላም ነገር አነበብኩ። ፍላኸርቲ ፊልም ማጠቢያና ማሳያ መሣሪያውን እስከዚያ በረዶ ድረስ ተሸክሞ ሄዷል፤ የቀረጸውንም እዚያው አጥቦ ለሰዎቹ ያሳያቸው ነበር። ፈረንሳውያኑ ዣን ሩሽና ኤድጋር ሞረንም በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራቸው ተሳታፊዎቹን ሰብስበው ፊልሙን አሳይተዋቸዋል። አንዱ ውሸት ነው ሲል ሌላው ከልክ በላይ ተገለጥን ሲል ክርክራቸውን ፊልሙ ውስጥ አስገቡት። እኛ ቤታካም ይዘን፣ ቴሌቪዥን ይዘን፣ የአንድ ቀን መንገድ ሄደን ለአንድ ሽማግሌ ማሳየት አቃተን። ቀነ ገደብ ነበረብንና።

ድልድዩ አለቀ። አባባ ከዚያ ብዙም አልቆዩም። ጓደኛዬ ፊልም ትቶ ሌላ ሥራ ያዘ፤ ስንገናኝ ይህን አናነሣም። 14ኛው ካሴት እኔ ዘንድ መደርደሪያ ላይ አለ። ማጫወቻ የለኝም። ወደ ዲጂታል የሚገለብጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ብወስደው ከሰዓት በኋላ ይጨርሱልኛል። አልወሰድኩትም። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ ሥራ በዛብኝ እላችኋለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ግን ቆየሁ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ ልጄ። አውርጂው። 64 ደቂቃ ይረዝማል፤ ሳላየውም እነግርሻለሁ፣ መጀመሪያው ላይ የሚያምር ሰማይ አለው፣ ከሥሩም ሙዚቃ አለ። ወይም አታውርጂው፤ ፌስቲቫሉ ካልተቀበለው ሌላ ይቀበለዋል። ይህን ከሩቅ ሆኜ ልወስንልሽ አልችልም። አንድ ነገር ግን አድርጊልኝ፤ ፊልሙን አትላኪልኝ። ልታወጪ ያሰብሻቸውን 12 ደቂቃዎች ለብቻ ቀጥለሽ ላኪልኝ። ውስጣቸው የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝም ጻፊልኝ። እሱን አይቼ እደውልልሻለሁ።