የቤተሰብ ስም ፍለጋ ለጀመራችሁ ልጆች

የዘር ሐረግ መፈለግ ከጀመራችሁ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን መዝገብ ሳገላብጥ ስለኖርኩ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የቤተሰብ ስም በደም ብቻ አይተላለፍም፣ በኑዛዜም ይተላለፋል።

ፌዘርስተንሆ የሚባለውን ብርቅ የእንግሊዝ ስም ውሰዱ። ሲጻፍ እስከ 17 የላቲን ፊደል ይፈጃል፤ ከባለቤቶቹ መካከል ግን «ፋንሾ» ብለው የሚገላገሉ አሉ። ምንጩ በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘው ኖርዘምበርላንድ ነው፣ ደቡብ ታይን ወንዝ አጠገብ ያለው ፌዘርስቶን። «ፌዘር» በእንግሊዝኛ ላባ ስለሆነ የዛሬ ጆሮ ላባ ይሰማል፤ የቦታ ስም አጥኚዎች ግን የጥንቱን ቃል «አራት ድንጋይ» ብለው ይፈቱታል።

አሁን ወደ ኑዛዜው። እ.ኤ.አ. በ1746 የኒውካስሉ ማቲው ፌዘርስተንሆ ከሩቅ ዘመዱ ትልቅ ሀብት ወረሰ፤ በዓመቱ ሰሴክስ ውስጥ አፕፓርክ የሚባለውን ቤት ገዛ። ልጁ ሰር ሃሪ ሳያገባ አረጀና በ1825፣ 70 ዓመት ካለፈው በኋላ፣ የወተት ቤት ሠራተኛውን ሜሪ አን ቡሎክን አገባ። እሷ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። (ጎረቤት ያሉ ባላባቶች ምን እንዳሉ እናንተው ገምቱት።) ልጅ ሳይወልዱ በ1846 ሞተ፤ ቤቱንም ለእሷ ተወላት። ከእሷ ወደ እህቷ ፍራንሲስ አለፈ፣ እህትየውም ስሙን ጭምር ወሰደች። የደራሲው የኤች ጂ ዌልስ እናት የቤት አስተዳዳሪ ሆና ያገለገለችው ይህችን ሴት ነው። ፍራንሲስም ርስቱን መጀመሪያ ለተርነር፣ ከእሱ በኋላ ለሚድ ቤተሰብ ልጅ ተናዘዘች፤ ሁለቱም በየተራቸው ፌዘርስተንሆ ሆኑ። በአባት ስም ለምንጠራ ለእኛ ግር ይላል፣ እዚያ ግን ሕጋዊ ነገር ነው። እንግዲህ ከስሙ ብቻ ተነስቶ የፍራንሲስን፣ የተርነርንና የሚድን የዘር ሐረግ ወደ ኋላ የሚስብ ሰው ዝም ብሎ ኖርዘምበርላንድ ይገባል፣ እነሱ ግን ከዚያ አልመጡም!

ስለዚህ ኑዛዜ አንብቡ። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የሚጀምረው በ1837 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን የምታገኙት አጥቢያዎች መዝገብ እንዲይዙ በ1538 ከወጣው ትእዛዝ ጀምሮ በተያዙ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ላይ ነው፣ እሱም መዝገቡ ከተረፈ። ጸሐፊው የሰማውን ነበር የሚጽፈው። አንዱ ጋ አንድ ፊደል ይጎድላል፣ ሌላው ጋ ይጨመራል፣ ሦስተኛው ጭራሽ «ፋንሾ» ብሎት ይሆናል፤ ሁሉንም አጻጻፍ ሞክሩ።

«የቤተሰባችሁ ዓርማ ይኸውላችሁ» ብሎ ጋሻ የተሳለበት ወረቀት ለሚሸጥ ሰው ደግሞ ሳንቲም እንዳትከፍሉ። በእንግሊዝ ሥርዓት ዓርማ የሚሰጠው ለሰውዬውና ለዘሩ እንጂ ያንን ስም ለያዘ ሁሉ አይደለም። ፌዘርስተንሆ ብትባሉ እንኳ።