«የጫንኩት ተገድጄ ነው»፦ በጦርነት ጊዜ ኃላፊነቱ የአዛዡ ብቻ ነው?

ጥያቄ (በአጭሩ የቀረበ)፦ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በአንዲት የወረዳ ከተማ በአይሱዙ የጭነት ሥራ እተዳደር ነበር። ከተማዋን የያዘው ኃይል አንድ አዛዥ ታጣቂዎቹን አስከትሎ መጣና ባለቤቶቹ ጥለውት ከሸሹ ግቢ ሁለት የወፍጮ ሞተሮች፣ ማቀዝቀዣና እህል አስጫነኝ። ጠመንጃ ተደግኖብኝ ስለነበር እምቢ ማለት አልቻልኩም። በማግስቱ መልእክተኛ ልኮ ሲጠራኝ ግን በራሴ እግር ሄድኩ፤ ነዳጅና ጥቂት ገንዘብም ሰጠኝ። ከተማዋን ሲለቁ አንዱን ሞተር «ለድካምህ» ብሎ ተወልኝ። እስከ ዛሬ ግቢዬ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ባለቤቶቹ አሁን ተመልሰዋል። ጦርነቱን ያመጡት መሪዎች ናቸው፤ ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው። መሪዎቹ ሳይጠየቁ እኔ እጠየቃለሁ? ሞተሩን ብመልስስ ራሴን አሳልፌ መስጠቴ አይሆንም?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ አዛዡ ከየትኛው ወገን እንደነበረ አልገለጹም። ቢገልጹም መልሴ አይለወጥም ነበር፤ ሕጉ የሚጠይቀው የተፈጸመውን ድርጊት እንጂ የፈጻሚውን ወገን አይደለምና። በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ ትንፋሽ የተነገሩት ነገሮች ግን በሕግ ዓይን ሦስት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው፦ የመጀመሪያው ቀን ጭነት፣ የማግስቱ ጭነትና በሸራ የተሸፈነው ሞተር።

አስቀድሜ ስለ አዛዡና ስለ በላዮቹ ልናገር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 273 በጦርነት ጊዜ ዝርፊያን ያደራጀ፣ ያዘዘ ወይም የፈጸመ ሰው በአንቀጽ 270 መሠረት እንደሚቀጣ ይደነግጋል፤ ቅጣቱም ከአምስት እስከ ሃያ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት፣ ነገሩ እጅግ ከባድ ሲሆን ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። «ለጦሩ አስፈላጊ ስለነበረ ነው» የሚለው ሰበብም በዚሁ አንቀጽ ተዘግቷል። ስለዚህ አዛዡ ያንን ግቢ በእጁ ባይነካም ተጠያቂ ነው፤ እርሱን ያዘዘ የበላይ ካለም እንዲሁ። ነገር ግን ያደራጀው፣ ያዘዘውና የፈጸመው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ልብ ይበሉ። የወንጀል ኃላፊነት እንደ ውርስ የሚከፋፈል ድርሻ አይደለም፤ የመሪው ዕዳ ስለገዘፈ የሌላው አይቀንስም፣ የተራው ሰው ዕዳ ስላነሰም የመሪው አይቃለልም።

«ታዝዤ ነው» የሚለው መከራከሪያ በአንቀጽ 74 ተመልክቷል። የበላዩን ትእዛዝ የፈጸመ የበታች፣ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን ካወቀ፣ በተለይም እንደ ግድያና ቃጠሎ ያለ ከባድ ወንጀል መሆኑን እያወቀ ከፈጸመው ይጠየቃል። ይሁንና ፍርድ ቤቱ የዲሲፕሊንን ጫና አመዛዝኖ ቅጣቱን በሰፊው ሊያቀልለት፣ ወታደሩ ከታዘዘው ውጭ ማድረግ በፍጹም የማይችል ከነበረም ጭራሽ ከቅጣት ነጻ ሊያደርገው ይችላል። ይህን የምጽፈው በአንባቢዎቻችን መካከል የቀድሞ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ስላሉ ነው እንጂ፣ ድንጋጌው እርስዎን አይመለከትም። እርስዎ በዚያ አዛዥ ሥር ያሉ የበታች አልነበሩም፤ ሲቪል ነጋዴ ነበሩ። እርስዎን የሚመለከተው የመገደድ ሕግ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የሆነውን እንመልከት። በአንቀጽ 71 መሠረት ሊቋቋመው በማይችል ኃይል ተገዶ ወንጀል የፈጸመ ሰው አይቀጣም፤ የሚጠየቀው አስገዳጁ ነው። ግዴታው በአካል ላይ ሳይሆን በማስፈራራት በመንፈስ ላይ የመጣ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያለ ገደብ ሊያቀል ወይም ሊያስቀር ይችላል። ጠመንጃ ተደግኖብዎት የጫኑትን የትኛውም ዳኛ ከዚህ ድንጋጌ ነጥሎ ያየዋል ብዬ አላምንም። በዚያ ሰዓት አጠገብዎ የነበሩ ጎረቤቶች፣ አብረው የጫኑ የጉልበት ሠራተኞች ካሉ ስማቸውን ከአሁኑ ጽፈው ያስቀምጡ።

ማግስቱ ግን ሌላ ነው። መልእክተኛው መሣሪያ ይዞ ነበር? እምቢ ቢሉ መኪናዎን ይነጥቁዎት ነበር? ከከተማዋ መውጫ መንገድ ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች የምጠይቅዎ ልፈርድብዎ ብዬ አይደለም። አንቀጽ 72 ሊቋቋሙት ይቻል በነበረ ግዴታ የፈጸመ ሰው በመርሕ ደረጃ እንደሚጠየቅ፣ ሆኖም የግዴታው ዓይነትና መጠን፣ የሰውየው አቅምና ሁኔታ ታይቶ ቅጣቱ ሊቀልለት እንደሚችል ስለሚናገር ነው። ትናንት የተደገነብዎት ጠመንጃ በማግስቱም በልብዎ እንደነበረ እረዳለሁ፤ ፍርሃት ሌሊቱን አልፎ አይጠፋም። የተቀበሉት ገንዘብ ግን ዐቃቤ ሕግ መጀመሪያ የሚያነሣው ነገር ይሆናል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። አዛዡ ከሄደ በኋላ ማንም አላስገደደዎትም። ባለቤቱን የሚያውቁት ንብረት በግቢዎ በቆየ ቁጥር፣ በወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቁ ዕቃን ስለ መሸሸግ የሚናገረው አንቀጽ 682 ወደ እርስዎ ይቀርባል። ዝሆኖችና ሣር ብለው ለጻፉትም ስለዚሁ ነው በግልጽ የምመልስልዎ፦ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሣሩ በወፍጮው ልጆቹን ያሳድግ የነበረው፣ ሲመለስም ባዶ የሲሚንቶ መደብና የተቆረጠ ሽቦ ያገኘው ሰው ነው።

አሁን ወደ ምሬትዎ ልመለስ፣ ትክክለኛ ምሬት ነውና። መሪዎች አምልጠው ተራው ሰው ሲያዝ የፍትሕ ሚዛን እንደሚዛባ ታሪካችን ያውቃል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለጀመረው የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ ዋና ተጠያቂ የነበረው ግራዚያኒ ለኢትዮጵያውያን ደም አንድ ቀን እንኳ ፍርድ ቤት አልቆመም። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1948 እርሱንና የወራሪው ጦር አዛዥ የነበረውን ባዶሊዮን ጨምሮ በአሥር ጣሊያናውያን ላይ ኢትዮጵያ ያቀረበችውን ክስ ተቀብሎ ነበር። ዳሩ ግን ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 በአገሩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት ከናዚ ጀርመን ጋር በመተባበሩ ነበር፤ ያም ሆኖ በወራት ውስጥ ተፈታ። ይህ እስከ ዛሬ የሚያንገበግብ በደል ነው። በደል የሆነው ግን ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ስላልተጠየቀ ነው፤ ሌላውም ሳይጠየቅ ቢቀር በደሉ አይካስም።

ሌላም ምሳሌ ከራሳችን አለ። ደርግ ከወደቀ በኋላ የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተከሳሾችን ለሦስት ከፍሏቸው ነበር፦ ፖሊሲ ያወጡና የወሰኑ፣ ትእዛዙን ያስተላለፉና ያስፈጸሙ አዛዦች፣ በመጨረሻም በእጃቸው የፈጸሙ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተብሎ በጥር ወር ዕድሜ ልክ ሲፈረድበት፣ ግንቦት 2000 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት ሲያከብደው፣ በታችኛው እርከን ያሉትም ፋይል ጎን ለጎን ይታይ ነበር። የናዚ መሪዎች ከተዳኙበት ከኑረምበርግ ችሎት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950 በተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን የተረቀቁት መርሆዎችም ትእዛዝ ሰውን ከኃላፊነት ነጻ የማያወጣው የሞራል ምርጫ ማድረግ ይችል ከነበረ ነው ይላሉ። ለእኔ የጉዳይዎ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ምርጫ አልነበረዎትም፣ በማግስቱ ምናልባት ጥቂት ነበረዎት፣ ዛሬ ግን ሙሉ ምርጫ አለዎት።

በፍትሐ ብሔር በኩል አጭር ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል፤ በአንቀጽ 2155 ደግሞ ለአንድ ጉዳት ተጠያቂዎቹ ብዙ ሲሆኑ ኃላፊነታቸው የአንድነትና የነጠላ ነው። አዛዡ ባይገኝ ባለወፍጮው ኪሣራውን ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው።

ሞተሩን መመለስ ራስን አሳልፎ መስጠት ነው ወይ ላሉት፣ አደጋ የለውም ብዬ አላታልልዎትም። ነገር ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጥፋቱን አምኖ የተጸጸተን፣ የተበደለውን የረዳንና ጉዳቱን በተቻለው መጠን የካሰን ሰው ቅጣት ያቀልለታል። ፖሊስ ግቢዎን ፈትሾ ቢያገኘው ግን ይህ በር ይጠብብዎታል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ከክስ ጎን ለጎን ማካካሻንና በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ምሕረትን ይዟል፤ ይሁንና ምሕረት ይመጣል ብሎ መጠበቅ ሞተሩን ለማቆየት ምክንያት አይሆንም።

ሞተሩን አይሽጡት፣ ቀለም አይቀቡት፣ ወደ ሌላ ቦታም አያዛውሩት። በላዩ የተለጠፈውን የቁጥር ሰሌዳ ፎቶ ያንሱ። ለባለቤቱም ሆነ ለፖሊስ አንድም ቃል ከመናገርዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ በራስዎ ላይ እንዲመሰክሩ ያለመገደድ መብትዎ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው። ከዚያ በጠበቃዎ በኩል፣ ሁለቱም ወገኖች የሚያምኗቸው ሽማግሌዎች ባሉበት፣ የርክክብ ሰነድ ተጽፎ፣ ምስክሮች ፈርመውበት ሞተሩ ይመለስ። ሽማግሌዎቹ ቢያስታርቋችሁ ደስ ይለኛል፤ ዕርቁ ግን የባለወፍጮውን ልብ ሊመልስ ቢችልም በመንግሥት በኩል ሊመጣ የሚችለውን ክስ አያስቀርም። በማግስቱ የተቀበሉትን ገንዘብ መጠን ካስታወሱ ያንንም በሰነዱ ላይ ስለ ማስፈር ከጠበቃዎ ጋር ይምከሩበት። የሁለተኛው ሞተርና የማቀዝቀዣው መድረሻ የት እንደሆነ የሚያውቁም ከሆነ፣ ሰውየው ከእርስዎ ሌላ የሚጠይቀው ሰው ላይኖር ስለሚችል፣ ይህንንም አብረው ይንገሩት።