ክብራን ገብርኤልና የክልሉ መንግስት፦ ጀልባ ላይ ለተነሳው ክርክር መልስ

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ። ባለፈው ቅዳሜ ከባህር ዳር በጀልባ ጣና ላይ ወዳለው፣ ሴት ወደማይገባበት ክብራን ገብርኤል ገዳም ሄደን ነበር፣ ወንዶቹ ሲወጡ እኛ ሴቶቹ እንደ ሥርዓቱ ጀልባው ላይ ቀረን። እኔ ቅር አላለኝም። ስንመለስ ግን ክርክር ተነሳ፣ አንዱ «ህገ መንግስቱ ሴትና ወንድ እኩል ነው ይላል፣ ክልሉ ገዳሙን ማስገደድ አለበት» አለ፣ ሌላው «መንግስት ሃይማኖት ውስጥ አይገባም የተባለው ለፌደራሉ ነው፣ ክልል የራሱ ህገ መንግስት ስላለው ከፈለገ ይገባል» አለ። አሜሪካ ላለው ወንድሜ ስነግረው ደግሞ «እዚህም ድሮ ስቴቶቹን አይመለከትም ነበር» አለኝ። የቱ ነው ልክ? ደግሞስ ለሃይማኖታችን በህገ መንግስት መከራከር ከእምነት መጉደል አይሆንም?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከሁለተኛው ልጅ ልጀምር፣ ምክንያቱም የሱ ንግግር ሰው ጆሮ ከገባ ነገ ለሁላችንም መዘዝ አለው። ክልል የራሱ ህገ መንግስት አለው ማለቱ እውነት ነው፣ የኛም የአማራ ክልል በ1994 ተሻሽሎ የወጣው አለ፣ ግን የፌደራሉን አክብሮ እንጂ ከሱ በላይ ሆኖ አይደለም። የፌደራሉ አንቀጽ 9 ከዚህ ህገ መንግስት ጋር የሚቃረን ህግም ሆነ ልማድ ወይም የባለስልጣን ውሳኔ ተፈጻሚ አይሆንም ይላል፣ አንቀጽ 13 ደግሞ ጭራሽ አፍ ያስይዛል፣ በምዕራፍ ሦስት ያሉትን መብቶች የማክበርና የማስከበር ግዴታ በየትኛውም ደረጃ ባለ የፌደራልም የክልልም ህግ አውጪ፣ አስፈጻሚና ዳኛ ላይ ነው። የየትኛውም ደረጃ ሲል እታች ቀበሌ ድረስ ነው። የሃይማኖት ነጻነት የተጻፈበት አንቀጽ 27 እዚያው ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ነው ያለው።

ወንድምሽ ያለው ስለ አሜሪካ ልክ ነው። የነሱ ህገ መንግስት የመጀመሪያው ማሻሻያ በ1791 በአቆጣጠራቸው ሲወጣ «ኮንግረስ»፣ ማለት የፌደራሉ ምክር ቤት፣ ሃይማኖትን የሚመለከት ህግ አያውጣ ነው የሚለው፣ ስቴቶቹን አይልም፣ ስለዚህ ማሳቹሴትስ እስከ 1833 ድረስ ለቤተክርስቲያን ከህዝብ ግብር ይሰበስብ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የሃይማኖት ነጻነቱ ስቴቶችንም ያስራል ያለው በ1940 ነው። እኛ ጋ ግን ያን ያህል ዘመን መጠበቅ አላስፈለገም፣ ከመጀመሪያው ከ1987 ጀምሮ ክልል የሚለው ቃል እዚያው ተጽፏል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ልጅ። እሱን አትናቁት፣ የያዘው ነገር አለ። አንቀጽ 35 ሴቶችን የሚጨቁን፣ በአካላቸው ወይም በአእምሯቸው ላይ ጉዳት የሚያስከትል ህግና ልማድ የተከለከለ ነው ይላል፣ ይሄ መልካም ነገር ነው፣ እኔም ሴት ልጅ ያለኝ ሰው ነኝ። ግን የክብራን ሥርዓት ሴት ረክሳለች ብሎ አይደለም፣ እመቤታችንን የምታከብር ቤተክርስቲያን እንዲህ ልትል አትችልም፣ ነገሩ የመነኮሳቱ ስእለት ነው፣ እነሱ ከዓለም ሲለዩ በራሳቸው ላይ ያሰሩት ገመድ ነው። አጠገቡ እንጦስ ኢየሱስ መነኮሳይያት አሉበት፣ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምህረት ሴቱም ወንዱም ገብቶ ይሳለማል። አንድ ደሴት ላይ በፈቃዳቸው የመነኑ ሰዎች በምን ሥርዓት እንኑር የሚለውን አንድ የክልል ቢሮ በደብዳቤ የሚወስነው ነገር አይደለም፣ አንቀጽ 11 መንግስት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ብሎታል። ሁለቱ መብቶች ተጋጭተዋል የሚል ሰው ካለ ደግሞ መንገድ አለው፣ የህገ መንግስት አጣሪ ጉባኤ ያየዋል፣ የመጨረሻውን የሚወስነው የፌደሬሽን ምክር ቤት ነው።

መንግስት ምንም አይነካንም ማለት ግን አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዙ ምእመን ይሳሳታል። አንቀጽ 27 ንኡስ 5 ሃይማኖትን በተግባር መግለጽ ለህዝብ ደህንነት፣ ለሰላም፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለሞራል ወይም ለሌሎች መብት ሲባል በህግ ሊገደብ ይችላል ይላል። ልብ በይ፣ በህግ ነው እንጂ በአንድ ሹም ስሜት አይደለም። ጀልባው ላይ ላይፍ ጃኬት ልበሱ፣ ከዚህ ሰው በላይ አትጫኑ ቢላችሁ ለደህንነት ነው፣ ለገዳምም እየሄዳችሁ ቢሆን ትታዘዛላችሁ። በ2012 በኮሮና ጊዜ ፋሲካን እቤታችን ሆነን ያሳለፍነውም ለጤና ተብሎ ነው። ገዳም ውስጥ ሰው ቢጎዳ ደግሞ ፖሊስ በር ላይ ቆሞ አይቀርም።

አንድ ጊዜ የደረሰብኝን ልንገርሽ። የጉባኤ ፈቃድ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሄድኩ፣ ሰውየው ቦታውን ሰዓቱን ጠየቀኝ፣ መለስኩ፣ የመኪና መንገድ እንዳንዘጋ አለኝ፣ እሺ አልኩ። ከዚያ ብእሩን አስቀምጦ «ስብከቱን ጽፋችሁ አምጡና እንየው» አለ። ቦታና ሰዓት የእናንተ ነው ስብከቱ ግን የናንተ አይደለም አልኩት። ሦስት ቀን አመላለሰኝ፣ ህጉን ፎቶ ኮፒ አድርጌ አራተኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት አንብቦ ማህተሙን መታው፣ ሳልሰድበውም ሳልለማመጠውም።

ይሄ ከእምነት መጉደል አይደለም። ጴጥሮስ «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» አለ፣ ጳውሎስ ደግሞ ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊ ያለ ፍርድ ይገረፋል ወይ ብሎ በህጉ ጠየቃቸው፣ ኋላም ወደ ቄሳር ይግባኝ አለ። ያው መንፈስ ቅዱስ ነው ሁለቱንም ያናገረው። ድንጋይ ከማንሳት ይግባኝ መጻፍ ይሻላል።

ግን ከዚህ የበለጠ የምፈራው ሌላ ነገር አለ፣ መንግስት ከኛ ጋር ሲሆን የሚሰማን ደስታ። አጼ ሱስንዮስ በዚሁ በጣና ዳር ቤተ መንግስት ሰርቶ ካቶሊክ ሁኑ ብሎ ስንት ደም ፈሰሰ፣ በ1624 «ሃይማኖት ይመለስ ፋሲል ይንገሥ» እስኪባል ድረስ። ይሄን ሁላችንም እናወራዋለን። በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ የኛው ንጉስ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊሞች ካልተጠመቃችሁ ማለቱን ግን ማውራት አንወድም፣ በግድ የተጠመቀ ሰው ደግሞ ክርስቲያን አይሆንም። የ1948ቱ ህገ መንግስት ቤተክርስቲያናችንን የመንግስት ሃይማኖት ብሎ ነበር፣ እና ምን ሆነ? ከሃያ ዓመት በኋላ በ1968 ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አወረዳቸው፣ በ1971 ገደላቸው። መንግስት ያቀፈውን ማነቅም ይቀለዋል እህቴ፣ እጁ አንገት ላይ ነዋ። ስለዚህ ሰፈራችሁ ውስጥ ሙስሊሙ ወይም ፕሮቴስታንቱ የአምልኮ ቦታ ሲጠይቅ ቀበሌውን «ከልክሉልን» አትበሉት፣ ዛሬ ለነሱ የሚጣሰው አንቀጽ 27 ነገ ለክብራን የሚያስፈልገን ያው አንቀጽ 27 ነው።

ለመጀመሪያው ልጅም ይሄን አሳዪው፣ ግን በክርክር አትርቺው፣ እንጦስ አብራችሁ ሂዱና መነኮሳይያቱን ራሱ ይጠይቃቸው። ለታህሳስ 19 ገብርኤል ክብራን ከተመለሳችሁ ደግሞ የክርስትና ስምሽን በወረቀት ጽፈሽ ወደ ላይ ለሚወጡት ስጪ፣ አባቶች በጸሎት ያስቡሻል።