ጥያቄና መልስ፦ ለ1983 ሞዴል ፖርሽ 911 የትኛው ሲሊንደርና ፒስተን ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። የ1983 ሞዴል ፖርሽ 911 ኤስሲ መኪናዬ ዘይት ማጉደልና ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ስለጀመረች ሞተሯን አውርደን ስንፈታው፣ በታች በኩል ካሉት የቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ብሎኖች ሁለቱ ተሰብረው አገኘን። ሲሊንደሮቹና ፒስተኖቹ ከፋብሪካ የመጡት፣ ማህሌ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሥሪቶች ናቸው። መካኒኬ 98 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሲሊንደሮችና ኮምፕሬሽናቸው (ቅልቅሉን የሚያምቁበት መጠን) 10.5 ለ 1 የሆነ፣ በመቀጥቀጥ የተሠሩ ፒስተኖች እንድገዛ ይመክረኛል። እኔ ደግሞ የውስጥ ልባሱ ያልተገለጸ፣ ዋጋው ግን ከግማሽ በታች የሆነ ሙሉ ስብስብ አይቻለሁ። መኪናዋን የምነዳው በመደበኛ መንገድ ብቻ ሲሆን፣ የነዳጅ አሰጣጧም የፋብሪካው ኬ-ጄትሮኒክ (የሚገባውን አየር በሳህን እየለካ ቤንዚን የሚረጭ ሜካኒካል ሥርዓት) ነው። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ ምንም ከመግዛትዎ በፊት ያለዎትን ያስለኩ። የዚህ ሞተር ባለቤቶች ዘይት መጉደሉን ሲያዩ ጥፋቱን ወዲያው ለሲሊንደሩ ይሰጣሉ፤ በዚህ ሞዴል ላይ ግን ዘይቱን የሚያሳልፈው ብዙ ጊዜ ያለቀ የቫልቭ ጋይድ (የቫልቩ ዘንግ የሚመላለስበት ቱቦ) ነው። ሲሊንደሮቹ የተጋደሙ በመሆናቸውም መኪናዋ ቆማ ስታድር ጥቂት ዘይት ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ስለዚህ ጠዋት ሲያስነሷት ለአፍታ ታይቶ የሚጠፋው ጭስ ብቻውን የመበላት ምልክት አይደለም።

የማህሌ ሲሊንደር ውስጡ ኒካሲል የሚባል የኒኬልና የሲሊከን ካርባይድ ልባስ አለው። የ1973 ሞዴል ካሬራ አርኤስ 2.7 የሲሊንደር ስፋቱን ከ84 ወደ 90 ሚሊ ሜትር ማሳደግ የቻለው በዚህ ልባስ ምክንያት ነበር፤ ልባሱ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ወፍራም የብረት ካሚቻ (የሲሊንደር የውስጥ እጅጌ) ማስገባት አላስፈለገም። ኒካሲል በጣም ጠንካራ ከመሆኑ የተነሣ ረጅም መንገድ ከሄደ በኋላም ልኩን ጠብቆ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ቶርኖ ቤቱ እያንዳንዱን ሲሊንደር ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካልዎት። በፒስተኑ ላይ ደግሞ የላይኛው ሪንግ (ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት) የሚቀመጥበትን ቦይ በጥንቃቄ ያሳዩ፤ ሲሊንደሩ ደህና ሆኖ ይህ ቦይ የሰፋበት ሞተር ጥቂት አይደለም። ልኩ የሚፈቅድ ከሆነ አዲስ ሪንግና አዲስ የቫልቭ ጋይድ ይበቃዎታል፤ የእኔም የመጀመሪያ ምርጫ ይኸው ነው። ልባሱ ተጎድቶ ከተገኘም ሲሊንደሩን እንደገና በኒካሲል የሚለብሱ ድርጅቶች ስላሉ ለመጣል አይቸኩሉ።

እግረ መንገዴን አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። አንዳንድ የኤስሲ ሞተሮች የመጡት ኬኤስ የሚል ምልክት ባላቸው የአሉሲል ሲሊንደሮች ነው። እነዚህ ልባስ የላቸውም፤ ሲሊከን የበዛበት አሉሚኒየም ናቸው፤ የሚሠሩትም አካላቸው በብረት ከተለበጠ ፒስተን ጋር ነው። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ የአንዱን ፒስተን ከሌላው ሲሊንደር ጋር እንዳያቀላቅሉ።

ወደ መካኒክዎ ምክር ስመጣ፣ ስፋቱ ከ95 ወደ 98 ሚሊ ሜትር ሲያድግ ሞተሩ ከ2994 ወደ 3186 ሲሲ ከፍ ይላል፤ ጭማሪው 192 ሲሲ ብቻ ነው። ሞተሩን ሳይቆርጡ እንዲገቡ ተብለው በሚሠሩት ባለ 98 ሲሊንደሮች ላይ፣ ወደ ሞተሩ አካል የሚገባው ክፍል የውጭ ልኩ ሳይለወጥ ውስጡ ስለሚሰፋ ግድግዳው በእያንዳንዱ ጎን 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሳሳል። ይህ ሥራ በሚገባ ተሠርቶ የሚሄድባቸው መኪኖች ስላሉ ስፋቱን አልቃወምም።

የምቃወመው 10.5 ለ 1 የሚለውን ቁጥር ነው። የእርስዎ መኪና ከፋብሪካ የወጣችው በ9.3 ለ 1 ሲሆን፣ በዚያው ዘመን ለአውሮፓ የተሠራው ባለ 204 የፈረስ ጉልበት ኤስሲ እንኳ በ9.8 ለ 1 ተወስኖ ነበር፤ ያውም በአውሮፓ አቆጣጠር 98 ኦክቴን ቤንዚን እየጠየቀ። የዚህ ሞተር ቴስታታ ውስጡ እንደ ጉልላት ስለሆነ ኮምፕሬሽን ለመጨመር የፒስተኑ አናት ከፍ ብሎ መሠራት አለበት። እሳቱ ግን የሚነሣው በአንድ ጎን ካለች አንዲት ካንዴላ ነውና ያን ጉብታ ዞሮ ወደ ማዶ እስኪደርስ ይዘገያል፤ በዚህ መካከል ያልተቃጠለው ቅልቅል በራሱ ጊዜ ይፈነዳል፤ ፒስተን የሚበሳው፣ ሪንግ የሚሰበረውም በዚህ ነው። ለእሽቅድድም የሚዘጋጁት ሞተሮች በአንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ የሚገጠምላቸው ስለዚህ ነው። ያንን የማያስገጥሙ ከሆነ ከ9.8 ባይበልጡ እመክራለሁ። ኬ-ጄትሮኒክን እንደያዙ የሚቆዩ ከሆነም፣ ከፒስተኑ ጋር አብሮ የሚቀርብልዎትን የስፖርት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) አይቀበሉ፤ የሁለቱ ቫልቮች አብሮ መከፈት ሲረዝም ወደኋላ የሚመታው አየር የአየር መለኪያውን ሳህን ያናውጠዋል።

በመቀጥቀጥ የተሠራ ፒስተን ከመረጡ የብረቱን ዓይነት ይጠይቁ። 4032 የሚባለው 12 በመቶ ገደማ ሲሊከን ስላለው ሲሞቅ ብዙም አይሰፋም፤ ለመንገድ መኪና የሚስማማውም እሱ ነው። 2618 ድንገተኛ ምትን በተሻለ ይችላል፤ ሆኖም ይበልጥ ስለሚሰፋ ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል፤ በብርድም ይንኳኳል። ክፍተቱን በድሮው መመሪያ ሳይሆን የፒስተኑ ሠሪ በሰጠው ወረቀት መሠረት ያስተካክሉ። ሞተሩ በሚገጠምበት ጊዜም ፒስተኑ ከቴስታታው ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር፣ ከመግቢያው ቫልቭ 1.5፣ ከመውጫው ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር መራቁ በልኬት ይረጋገጥ።

ልባሱ ያልተገለጸውን ርካሽ ስብስብ ይተዉት። የልባሱ ዓይነት ካልታወቀ የሚስማማውን ሪንግ መምረጥ አይቻልም፤ ለምሳሌ በክሮም የተለበጠ ሲሊንደር ላይ የክሮም ሪንግ አይገባም። የሲሊንደሮቹም ቁመት እኩል ለመሆኑ ዋስትና የለዎትም። ፋብሪካው ሲሊንደሮችን በቁመታቸው ለይቶ 5 ወይም 6 የሚል ቁጥር ያትምባቸዋል፤ በአንድ ወገን ያሉት ሦስቱ የግድ አንድ ቁጥር መያዝ አለባቸው፤ ምክንያቱም በላያቸው የሚያርፈው የካምሻፍት ቤት አንድ ወጥ ነው። የነባሮቹን ቁጥር ከመታጠባቸው በፊት አንብበው፣ የትኛው በየትኛው ወገን እንደነበረ ይጻፉ። ነባሮቹን በማቆየትዎ የሚተርፍዎትን ገንዘብ ደግሞ የተሰበሩትን ሁለቱን ብቻ ሳይሆን ሃያ አራቱንም የቴስታታ ብሎኖች ለመለወጥ ያውሉት።