ካነን 2000ዲ የመጀመሪያ ካሜራዬ ይሁን? (ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን «የመጀመሪያ ካሜራዬን ልገዛ ነው፣ ምን ትላለህ?» የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ እዚሁ ተሰብስበን ብንነጋገርበት ይሻላል። ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ይበልጡን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ግን ሌንስ በመፍታትና በማጽዳት ነው። ስለ ሌንስና ስለ ብርሃን ስትጠይቁኝ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። የቪዲዮ ሰው አይደለሁም። ስትጠይቁ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ምን ልታነሱ ነው? የምታነሱትስ በምን ብርሃን ነው?

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ያገለገለ ካነን 2000ዲ ከነሌንሱ አግኝቻለሁ። ሻጩ ብዙም አልተሠራበትም ይላል፤ ፎቶ አንስቶ ሲያሳየኝ የፎቶው ቁጥር 0412 ነው። የማነሳው ቤተሰብ ነው፣ በተለይ የእህቴን ልጆች፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ። ልግዛው?

መልስ፦ ምን እንደምታነሺ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። በቁጥሩ ልጀምር። 0412 የፋይሉ ስም እንጂ የሹተር (ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ቆጣሪ አይደለም። 9999 ሲሞላ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል፤ በሜኑም ከመጀመሪያው እንዲቆጥር ማድረግ ይቻላል። ያ ካሜራ 412 ፎቶ አንስቶ ሊሆን ይችላል፣ 20,410 አንስቶም ሊሆን ይችላል። ኒኮን ቆጠራውን ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል። ካነን በዚህ ደረጃ ባሉት ካሜራዎቹ አይጽፍም፤ ካሜራውን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በፕሮግራም ማንበብ ያስፈልጋል። ሻጩ ዋሽቷል አልልም፤ ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ በቅንነት ይለዋል።

ወደ ካሜራው ስንመጣ፣ 2000ዲ በ2018 የወጣ ነው፤ 24 ሜጋፒክስል፣ ዘጠኝ የፎከስ ነጥብ (ካሜራው ምስሉን የሚያጠራባቸው ቦታዎች)፣ በሰከንድ ሦስት ፎቶ። በቀን ብርሃን የሚያነሳው ፎቶ ዛሬም ያምራል። የሚቸገረው እንቅስቃሴ ላይ ነው። ከዘጠኙ ነጥቦች ጠንካራው የመሃሉ ብቻ ስለሆነ፣ የሚሮጥ ልጅ ከመሃል ሲወጣ ፎከሱ ይሳሳታል። የተቀመጠ፣ የሚስቅ፣ የሚበላ ልጅ ግን በደንብ ያነሳልሻል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው፤ ሌንሱ ላይ ምን ተጽፏል? ከዚህ ካሜራ ጋር አብረው የሚሸጡት 18-55 ሚሊሜትር ሌንሶች (ኪት ሌንስ የሚባሉት) ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው «አይ ኤስ» የሚል ምልክት አለው፣ የእጅን መንቀጥቀጥ ያርማል። ሌላኛው የለውም። ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። ሄደሽ ጽሑፉን አንብቢና ተመለሺ።

ተማሪው፦ የእኔ ስልክ 108 ሜጋፒክስል ነው። 24 ብቻ ያለው ካሜራ መግዛት ወደ ኋላ መመለስ አይሆንብኝም?

መልስ፦ አይሆንም። 108 ከሚባሉት ስልኮች አብዛኞቹ ዘጠኝ ዘጠኝ ፒክስል እያዋሃዱ በመጨረሻ የሚያስቀምጡልህ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ነው። ለምን የሚያዋሃዱ ይመስልሃል? እያንዳንዷ ፒክስል በጣም ትንሽ ስለሆነች ለብቻዋ በቂ ብርሃን አትሰበስብም። የ2000ዲ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) 22.3 በ14.9 ሚሊሜትር ነው፤ ከአንድ ትልቅ የስልክ ሴንሰር ጋር ብታስተያየው በስፋት አራት አምስት እጥፍ ይሆናል። ዝናብ ሲዘንብ ሳፋና ስኒ ደጅ ብታስቀምጥ የትኛው ብዙ ውኃ ይይዛል? ብርሃንም እንደዚያው ነው።

24 ሜጋፒክስል ማለት 6000 በ4000 ነጥብ ነው። በጥሩ ጥራት፣ በኢንች 300 ነጥብ ብታሳትመው፣ 50 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ፎቶ ይወጣሃል። ከዚያ የሚበልጥ ግድግዳህ ላይ ልትሰቅል ነው? በ1975 ስቲቨን ሳሰን ኮዳክ ውስጥ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ ጠቅላላ 10,000 ፒክስል ብቻ ነበረው፤ አንዷን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ከዚያ እስከ 24 ሚሊዮን የተኬደው መንገድ አልቋል። ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ሲጨምር የሚጠቀመው የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚያሳትም ሰው ነው።

የስልክ ወዳጅ፦ ይቅርታ፣ ስልክ እኮ በሶፍትዌር ብዙ ፎቶ ደራርቦ ጨለማውን ያጠራዋል። ካሜራው ይህን አያደርግም።

መልስ፦ እውነትህን ነው። በቀን አንስቶ በስልክ ስክሪን ላይ ብቻ ለሚያይ ሰው ካሜራ ባይገዛ አይቆጨውም። ነገር ግን ፎቶ የሚደራረበው ነገሩ ዝም ብሎ ከቆመ ነው። ልጅ ዝም ብሎ አይቆምም።

አዲስ ገቢ፦ ምርጥ ካሜራ የቱ ነው?

መልስ፦ ለምን ሥራ? በምን ብርሃን? መግቢያውን አንብብና ተመለስ።

የመንታ አባት፦ እኔ 2000ዲ አለኝ፣ በኪት ሌንሱ። ሌንሴ አይ ኤስ አለው፣ አይቼዋለሁ። ማታ ሳሎን ውስጥ ልጆቼን ሳነሳ ግን ሁልጊዜ ብዥ ይላል። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ካሜራህ ደህና ነው፤ ብርሃን አጥቶ ነው። ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበርና ታገሡኝ።

አይ ኤስ የሚያርመው ያንተን እጅ ነው፤ የልጅህን እጅ ማስቆም አይችልም። እንቅስቃሴን የሚያስቆመው የሹተር ፍጥነት ነው። የሹተር ፍጥነት ደግሞ ብርሃን ይፈልጋል። ኪት ሌንስህን ወደ 50 አካባቢ ዙም ስታደርገው አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ኤፍ 5.6 ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አይከፈትም። ካሜራው ምን ያድርግ? ሹተሩን ወደ 1/20 ሰከንድ ያወርዳል፣ አይ ኤስ ኦውን (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 6400 ይሰቅላል። በ1/20 ሰከንድ ውስጥ ልጅ ራሱን አዙሮ ጨርሷል። ፎቶው ብዥ ያለ ብቻ ሳይሆን በላዩ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

አሁን ካነን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 አስበው፤ በ2015 የወጣው ኤስ ቲ ኤም የሚባለው። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ያው ሳሎን፣ ያው አምፖል፣ ያው ካሜራ ሆኖ 1/20 የነበረው 1/200 ሰከንድ ይሆናል። ወይም ሹተሩን 1/100 ላይ አድርገህ አይ ኤስ ኦውን ወደ 3200 ታወርደዋለህ። አዲስ ቦዲ (ያለሌንስ ካሜራውን ብቻ) ብትገዛና ኪት ሌንሱን ብትሰካበት ይህን ያህል ለውጥ አታይም። አጥብቄ የምናገረውም ለዚህ ነው፤ ሰዎች ሌንሱን ሳይቀይሩ ሦስት ቦዲ ሲቀያይሩ አይቼ አዝናለሁ።

ሁለት ጉድለት አለው። ይህ ካሜራ ሴንሰሩ ከፊልም ስለሚያንስ 50ው እንደ 80 ሚሊሜትር ያያል፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባህ ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። አይ ኤስም የለውም። ለማታ የልጆች ፎቶ ግን ሹተሩን ከ1/100 በታች ስለማታወርደው ብዙም አይጎዳህም። ክፍሉ በጣም ከጠበበብህ 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 አለ፤ ብርሃኑ ያነሰ ነው፣ ስፋቱ ግን ለጠባብ ቤት ይመቻል።

የኒኮን ወዳጅ፦ ይህን ሁሉ ከምትደክሙ ኒኮን ዲ3500 ግዙ። በአንድ ቻርጅ 1,550 ፎቶ ያነሳል። የእናንተው 2000ዲ 500 ነው።

ሚረርለስ ባይ፦ ሁለቱም ያለፈባቸው ናቸው። መስታወት ያለው ካሜራ አልቋል። ካነን ራሱ ከ2018 ጀምሮ ፊቱን አር ወደሚባሉት መስታወት የለሽ (ሚረርለስ) ካሜራዎቹ አዙሯል። ጀማሪ ለምን የሞተ ነገር ይገዛል?

የኒኮን ወዳጅ፦ የሞተ የምትለው ዛሬም ፎቶ ያነሳል። ያንተው በግማሽ ቀን ባትሪው ያልቃል።

ሚረርለስ ባይ፦ ትርፍ ባትሪ ይያዛል። የሰው ዓይን ለይቶ ፎከስ የሚያደርገውን ካሜራ አንዴ ከያዝክ ወደ ኋላ አትመለስም።

መልስ፦ በቃ፣ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ የተጠየቀው ግን ሌላ ነው። ዲ3500 ጥሩ ካሜራ ነው፣ በሰከንድም አምስት ፎቶ ያነሳል። ነገር ግን ቦዲው ውስጥ የፎከስ ሞተር የለውም። ያገለገለ የድሮ ኒኮን ሌንስ፣ ለምሳሌ 50 ኤፍ 1.8 ዲ የሚባለውን፣ ገዝቶ የሚሰካበት ሰው በእጁ ፎከስ ሲያደርግ ይኖራል። በካነን በኩል ከ1987 ጀምሮ የተሠራ ማንኛውም ኢ ኤፍ (ለካነን ባለመስታወት ካሜራ የሚሠራ) ሌንስ 2000ዲ ላይ ፎከስ ያደርጋል። የሞተ ነው ለሚለው፣ ኢ ኤፍ ሌንስ በአዳፕተር አዲሶቹ አር ካሜራዎች ላይም ይሠራል። ቦዲው ያረጃል፣ ሌንሱ ግን ተከትሎህ ይሄዳል። የአር ሌንስ በተቃራኒው 2000ዲ ላይ አይገባም፤ ተሳስታችሁ እንዳትገዙ። የሚሮጥ ልጅ ወይም ስፖርት ለሚያነሳና አቅሙ ለሚፈቅድ ሚረርለስ ይሻላል፤ ይህን አልክድም።

ቪዲዮ ሠሪ፦ ለቪዲዮስ 2000ዲ እንዴት ነው?

መልስ፦ አይሆንም። የማይክ መሰኪያ የለውም፣ እየቀረጸ ፎከስ አይከታተልም።

ሌላ ጠያቂ፦ 2000ዲ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ከመጠየቅህ በፊት አንብብ። ሌንሱ ላይ የተጻፈውንም አንብብ።

እናት፦ ወንድሜ፣ ለልጄ የምሰጠው ያገለገለ ካሜራ አይቻለሁ። እኔ ዕውቀቱ የለኝም። ሌንሱ ደህና መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ እርስዎ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀዋል፤ ሁሉም ቦዲውን ሲያገላብጥ ነው የሚውለው። ሌንሱን ከካሜራው ያስፈቱት። የስልክዎን መብራት ከኋላው ያብሩና ከፊት በኩል አዘንበል እያደረጉ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። የካነን ሌንስ ሲፈታ አፐርቸሩ ክፍት ስለሚሆን ውስጡ በደንብ ይታያል። ኒኮን ከሆነ ከኋላው ያለችውን ትንሽ ምላስ በጣት ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል።

ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ቢያዩ አይደንግጡ፤ ፎቶ ላይ አይታይም። የሸረሪት ድር ወይም የዛፍ ሥር የሚመስል ነጭ ክር ካዩ ግን ሻጋታ ነው። ሻጋታ እርጥበት ያለበት የተዘጋ ቦታ፣ በተለይ የቆዳ ቦርሳ ውስጥ፣ ለረጅም ጊዜ በተቀመጠ ሌንስ ላይ ይበቅላል። እኔ ፈትቼ አጸዳዋለሁ፤ የመስታወቱን ልባስ ከበላው በኋላ ግን ጠባሳው አይለቅም። ወደ መብራት አቅጣጫ ሲያነሱ ፎቶውን እንደ ጭጋግ ይሸፍነዋል። «ይጸዳል» ቢሉዎትም አይግዙት። ከዚያ ዙሙንና የፎከሱን ቀለበት ያዙሩ፤ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ካለ ወድቆ ወይም ባሕር ዳር ውሎ ይሆናል። በመጨረሻም 18-55 ከሆነ አይ ኤስ የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይዩ። ይህን ስደጋግመው ይሰለቻችሁ ይሆናል፣ ግን መደጋገሜን አልተውም።

ተማሪው፦ ጓደኛዬ የሰጠኝ አሮጌ ፍላሽ አለ። ይሠራል?

መልስ፦ የካሜራው የፍላሽ መሰኪያ መሃል ላይ ክብ የብረት ነጥብ አለ? ከሌለ በዚያች ነጥብ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ፍላሽ አይበራም። 2000ዲ ላይ ላይኖር ስለሚችል ሳትሞክር ተስፋ አታድርግ።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ ተመለስኩ። ሌንሱ ላይ አይ ኤስ የሚል የለም፤ መጨረሻ ላይ በሮማውያን አኃዝ ሦስት ተጽፏል። በመብራት አይቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነው። አንድ ጓደኛዬ በኤፍ 22 ነጭ ግድግዳ አንሺ ብሎኝ ሳነሳ ሦስት ጥቁር ነጠብጣቦች አየሁ። ሁሉም ፎቶ ላይ እዚያው ቦታ ናቸው።

መልስ፦ ጓደኛሽ ጥሩ መክሮሻል። ነጠብጣቦቹ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ናቸው፤ ይህ ካሜራ ራሱን የሚያራግፍበት ዘዴ የለውም። የሚያውቅ ሰው በደቂቃዎች ያጸዳዋል፤ በጨርቅ ወይም በአፍሽ ትንፋሽ ግን እንዳትሞክሪው። በአቧራው ምክንያት አትተዪው።

ሌንሱ ግን ላንቺ አይሆንም። አይ ኤስ የለውም፣ ብርሃንም አያስገባም፤ ሁለቱም የጎደለው ሌንስ ይዘሽ ቤት ውስጥ ልጆች ልታነሺ ነው። ቦዲውን ብቻ ይሽጥልሽ እንደሆነ ጠይቂው፤ የሌንሱን ገንዘብ 50 ኤፍ 1.8 ላይ አውዪው።

ጀማሪዋ፦ ጠየቅኩት። ለይቼ አልሸጥም አለኝ።

መልስ፦ እንግዲያው ተዪው። ያገለገለ ካነን 200ዲ ፈልጊ፤ በ2017 የወጣ ነው፣ በስክሪኑ እያየሽ ስታነሺ ፎከሱ ከ2000ዲ በብዙ ይፈጥናል፣ ስክሪኑም ስለሚገለበጥ መሬት ላይ ከተቀመጡ ልጆች ጋር እኩል ዝቅ ብለሽ ታነሺበታለሽ። ስታገኚ ከመክፈልሽ በፊት የሌንሱን ፊት በስልክሽ አንሺና ላኪልኝ፤ ጽሑፉን አብረን እናነባለን።